የዘመኑ ሰጋር በቅሎ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ጋዜጣዬን ሳገላብጥ፣ ከአጠገቤ ባለው ጠረጴዛ ሁለት ወጣቶች አንድ ሥዕል ይዘው ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው በደብተሩ ብዛት ተማሪ መሆኑ ያስታውቃል። ሁለተኛው ከረባቱን ያላላ፣ ወሩ ሳይጋመስ ደመወዙ ያለቀበት የሚመስል የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ሥዕሉ የመኪና ፎቶግራፍ ነበር።

«ይህ ጂፕ ነው» ይላል ተማሪው።

«የምን ጂፕ ታወራለህ? የቤት መኪና ነው እንጂ! ከመሬት ከፍ ከማለቱ በቀር ምን የጂፕ ነገር ታይበታለህ?» ይላል ጸሐፊው።

ክርክሩ ሲረዝም ወደ እኔ ዘወር ብለው «ጋሼ፣ እባክዎ ይፍረዱን» አሉኝ። እኔም ሥዕሉን አየሁና «ሁለታችሁም ረትታችኋል» ብላቸው አንዳቸውም ደስ አላላቸውም። ተከራካሪ የሚፈልገው ባላጋራው ሲረታ ማየት ነውና። ከዚያም ተማሪው «ታዲያ ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚከፈልበት ምን ቢኖረው ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጸሐፊው ግን ሳቅ ብሎ የበለጠ ከባድ ጥያቄ አመጣ። «ጋሼ፣ መኪናውን መግዛቱስ አይሆንልንም። ግን ባለቤቱ ለጋስ ሆኖ ‹ከዚህ መኪና አንድ ዕቃ ብቻ ፍታና ውሰድ› ቢልዎ ምኑን ይወስዳሉ?» አለኝ።

ተማሪው ፈጠን ብሎ «ሞተሩን!» አለ። ጸሐፊው «የቆዳ ወንበሩን!» አለ። እኔ የአንድ ሳምንት ቀጠሮ ጠየቅሁ። እነሆ ቀጠሮው ደርሷልና መልሴን በዚሁ ዓምድ አቀርባለሁ። አንባቢዬም ሦስተኛ ዳኛ ሆኖ ይስማን።

በሥዕሉ ላይ የነበረው መኪና ቮልቮ ኤክስ ሲ 60 የሚባለው የስዊድን ሥራ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

የበቅሎዋ የዘር ሐረግ

«በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባላል። ክሮስኦቨር የሚባለው የመኪና ዓይነት ልክ እንደዚህች በቅሎ ነው። ስለ ዘሩ ሲጠየቅ ጂፕ አጎቱ መሆኑን ይናገራል፤ አባቱ ተራ የቤት መኪና መሆኑን ግን ጮክ ብሎ አይናገርም።

የጥንቱ ጂፕ የሚሠራው በሻንሲ ላይ ነው። ሁለት ረጃጅም የብረት ወራጆች በመስቀለኛ ብረቶች ተያይዘው እንደ መሰላል ይዘጋጃሉ። ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ጎማዎቹ በዚህ መሰላል ላይ ይታሰራሉ። ሰው የሚቀመጥበት አካል ከዚያ በኋላ ከላይ መጥቶ በቡሎን ይጠበቃል። ይህ አሠራር ጭነት ይችላል፣ ጎርበጥባጣ መንገድ አይፈራም፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ ተሳፋሪውን ያንገጫግጫል፣ ቤንዚንም ይጠጣል።

የቤት መኪና በሌላ ዘዴ ይሠራል። ሻንሲ የሚባል ነገር ለብቻው የለውም። ወለሉ፣ ምሰሶዎቹና ጣራው በአንድነት ተበይደው ራሳቸው ሸክሙን ይሸከማሉ። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን የእንቁላል ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ስስ ሆኖ ሳለ ቅርጹ ብርታት ይሰጠዋል። ጣሊያናዊው ላንቺያ በ1922 ባሳየው ላምዳ በተባለው መኪናው በዚህ መንገድ ቀድሞ ከተጓዙት አንዱ ነው።

ክሮስኦቨር ማለት እንግዲህ የቤት መኪናን የእንቁላል ቅርፊት ወስዶ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ለአራቱም ጎማዎች ኃይል ማካፈል ነው። የጃፓኑ ቶዮታ በ1994 ራቭ 4ን አወጣ። በ1998 የዚሁ ኩባንያ የቅንጦት ክፍል የሆነው ሌክሰስ አር ኤክስ 300ን ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ። በ1999 ጀርመናዊው ቢ ኤም ደብሊው ኤክስ 5ን፣ በ2003 ደግሞ አነስ ያለውን ኤክስ 3ን አስከተለ። ቮልቮ ኤክስ ሲ 60ን ለሕዝብ ያሳየው በ2008 በጄኔቭ የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ63 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሆዱ ከመሬት 23 ሳንቲ ሜትር ይርቃል።

የአገራችን ሰዎች ነገሩን ከማንም በፊት ያውቁታል። ፈረስ ለጦርነትና ለጉግስ ነው፤ አህያ ለጭነት ነው። መኳንንቱና ሊቃውንቱ ለረጅም መንገድ የሚመርጡት ግን ሰጋር በቅሎን ነበር፤ ገደሉን ሳትንሸራተት ትወጣለች፣ በሜዳውም የተሳፋሪዋን ወገብ ሳትሰብር ትሰግራለች። የቅንጦት ክሮስኦቨር የዘመኑ ሰጋር በቅሎ ነው ብል አንባቢዬ የሚቃወመኝ አይመስለኝም።

ከኩሽኔታ የተወለደ ኩባንያ

ቮልቮ መኪና መሥራት የጀመረው በ1927 በስዊድን በጎተንበርግ ከተማ ነው። አሳር ጋብሪኤልሶንና ጉስታፍ ላርሶን የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ ኤስ ኬ ኤፍ የተባለው የኩሽኔታ ፋብሪካ ባደረገላቸው ድጋፍ መሠረቱት። ስሙም የመጣው ከኩሽኔታው ነው። «ቮልቮ» በላቲን ቋንቋ «እሽከረከራለሁ» ማለት ነው።

ዛሬ የአንድን መኪና ዜግነት መጠየቅ ችግር ያመጣል። የአሜሪካው ፎርድ የቮልቮን የቤት መኪና ክፍል በ1999 ገዛው። ኤክስ ሲ 60 የተወለደው በዚያ ዘመን ሲሆን፣ የተገጣጠመው በቤልጂግ አገር በጌንት ከተማ ነበር። በ2010 ጂሊ የተባለው የቻይና ኩባንያ ከፎርድ እጅ ገዛው። ሁለተኛው ትውልድ በ2017 ሲወጣ ሥራው ወደ ጎተንበርግ ተመለሰ። አሳቡ ስዊድናዊ፣ ገንዘቡ አንድ ጊዜ አሜሪካዊ ሌላ ጊዜ ቻይናዊ፣ መዶሻው ቤልጂጋዊ ነው ማለት ነው።

ተማሪው የመረጠው ሞተር

ወዳጄ ተማሪው ሞተሩን መርጧልና እንየው። በጂፕ ላይ ሞተሩ በቁመት ይቀመጣል። በኤክስ ሲ 60 ግን በአግድም ነው የተኛው። ይህም አፍንጫውን አሳጥሮ ቦታውን ለተሳፋሪው ይተርፋል። የመጀመሪያው ትውልድ ኃይለኛ ሞተር ስድስት ሲሊንደር፣ 3 ሊትርና 285 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ ተደርድሮ በአግድም እንዲገባ ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም። መሐንዲሶቹ ሞተሩን ያሳጠሩት ረዳት መሣሪያዎቹን ከፊት ለፊቱ አንሥተው ወደ ሌላ ወገን በማዛወር ነው።

በሁለተኛው ትውልድ ስድስቱ ሲሊንደሮች ቀርተው አራት፣ ሦስቱ ሊትር ቀርቶ ሁለት ሆነ። ጉልበቱ ግን በመቀነስ ፈንታ በአንደኛው ዓይነት እስከ 320 የፈረስ ጉልበት ደረሰ። ምክንያቱ ምንድን ነው? ሞተር የሚያነደው ቤንዚን ብቻውን አይደለም፤ ቤንዚን ከአየር ጋር ነው። አየር ጨምቀው ቢያስገቡለት ትንሹ ሞተር እንደ ትልቁ ይሠራል። አየሩን የሚጨምቁት ሁለት መንፊያዎች ናቸው። አንደኛው፣ ሱፐርቻርጀር የሚባለው፣ በሞተሩ ኃይል በቀጥታ እየተሽከረከረ በዝቅተኛ ዙር ጊዜ ይረዳል። ሁለተኛው፣ ቱርቦው፣ ከጭስ መውጫው በሚወጣው ትኩስ ጋዝ እየተገፋ ሞተሩ ሲፈጥን ሥራውን ይረከባል። አንጥረኛ በሁለት ወናፍ እሳቱን ሲያናፋ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ኃይሉ በተለመደው ጊዜ የሚሄደው በአብዛኛው ወደ ፊት ጎማዎች ነው። ወደ ኋላ የሚሄድ አንድ ዘንግ አለ፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ ግን ሃልዴክስ የሚባል ፍሪሲዮን ተቀምጧል። ይህ ፍሪሲዮን በዘይት ውስጥ የተደረደሩ ቀጫጭን የብረት ሰሌዳዎች አሉት። ሰሌዳዎቹ ሲላቀቁ የኋላ ጎማዎች እየተጎተቱ ብቻ ይሄዳሉ። የፊት ጎማ በጭቃ ወይም በበረዶ ላይ ሊንሸራተት ሲል፣ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ የዘይት ግፊት ሰሌዳዎቹን አንድ ላይ ያጣብቃቸውና ኃይሉ ወደ ኋላ ይሻገራል። ሹፌሩ የሚጎትተው መዘውር፣ የሚጫነው ቁልፍ የለም።

ቲ 8 በተባለው ዓይነት ደግሞ ዘንጉ ጨርሶ ጠፍቷል። የፊት ጎማዎችን የቤንዚን ሞተር፣ የኋላ ጎማዎችን የኤሌክትሪክ ሞተር ያዞራቸዋል። ዘንጉ ያልፍበት በነበረው ቦይ ውስጥ ባትሪ ተኝቷል። ባትሪው ከቤት መብራት ይሞላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የጭነት መኪና ባሌስትራ የማያውቅ አንባቢ የለም፤ ብረቱ ተደራርቦ ከኋላ ጎማ በላይ የሚታየው ነው። በቅንጦት መኪና ላይ ባሌስትራ ማየት እንደ ውርደት ይቆጠር ነበር። የሁለተኛው ትውልድ ኤክስ ሲ 60 መሐንዲሶች ግን ባሌስትራን መልሰው አመጡት። ከብረት ሳይሆን ከቃጫ መሰል ጭረትና ከሙጫ የተሠራ አንድ ቅጠል ብቻ ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ በአግድም ተዘርግቶ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ይሸከማል። ክብደቱ ቀላል ነው፤ ቦታ ስለማይፈጅም ለሻንጣ ይተርፋል። አሮጌ አሳብ በአዲስ ዕቃ ሲሠራ እንዲህ ያምራል።

ሞተሩ እንግዲህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ወዳጄ ሞተሩን ፈትቶ ቢወስደው የት ያስቀምጠዋል?

ከፍታ የሚያስከፍለው ዋጋ

ከፍ ብሎ መቀመጥ ደስ ይላል። ሩቅ ያሳያል፤ ጥቂትም ያኮራል። ዋጋው ግን በገንዘብ ብቻ የሚከፈል አይደለም።

አንባቢዬ የክብሪት ቀፎ ያምጣ። በጎኑ አስተኝቶ በጣቱ ቢገፋው ይንሸራተታል እንጂ አይወድቅም። አቁሞ ቢገፋው ግን ይገለበጣል። ቁም ነገሩ ሁለት ልክ ነው፤ የክብደቱ መካከል ከመሬት ያለው ከፍታና የመቆሚያው ስፋት። ከፍታው ከስፋቱ ጋር ሲመዛዘን ባደገ ቁጥር ለመውደቅ ይቀላል። ረጅም መኪናም በኩርባ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው።

በጥቅምት ወር 1997 በስዊድን አንድ ታላቅ ነገር ሆነ። የአንድ የመኪና መጽሔት ጋዜጠኞች መርሴዲስ ያወጣውን አዲስና ቁመተ ረጅም ትንሽ መኪና፣ ኤ ክላስ የተባለውን፣ እየፈተኑ ነበር። ፈተናው በስዊድን የታወቀ ነው። በዚያ አገር ጫካ ትልቅ ቀንድ ያለው፣ ከፈረስ የማይተናነስ የዱር አጋዘን በድንገት ወደ መንገድ ይወጣል። ስለዚህ ሹፌሩ ፍሬን ሳይረግጥ በፍጥነት ወደ ግራ ያጥፍና ወዲያው ወደ ቀኝ ይመልሳል። ኤ ክላስ በዚህ ፈተና ተገለበጠ። ወሬው በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ ታላቁ ኩባንያም ሽያጩን ለጊዜው አቁሞ መኪናውን እንደገና ለማስተካከል ተገደደ።

ማስተካከያው ምን ነበር? ከሌላው ሁሉ ይልቅ ኢ ኤስ ፒ የሚባለውን መሣሪያ ለሁሉም ገዢ መስጠት ነው። መሣሪያው ከ1995 ጀምሮ በውዱ ኤስ ክላስ መኪና ላይ ነበር። አሠራሩም እንዲህ ነው። አንድ መለኪያ ሹፌሩ መሪውን ወዴት እንዳዞረ ያያል። ሌላው መኪናው በእውነት ወዴት እየዞረ እንደሆነ ይለካል። ሁለቱ ካልተስማሙ፣ መኪናው እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ መሣሪያው አንዱን ጎማ ብቻ ለይቶ ፍሬን ይይዛል። በቅሎን በአንድ ወገን ልጓም ጎትተው ወደ መንገዷ እንደሚመልሷት ያለ ነው። ማንም ሹፌር፣ የቱንም ያህል ቢሠለጥን፣ በአንድ እግሩ ከአራቱ ጎማዎች አንዱን መርጦ ሊይዝ አይችልም።

ቮልቮም በ2002 ባወጣው በታላቁ ኤክስ ሲ 90 ላይ መኪናው ወደ ጎን ምን ያህል በፍጥነት እያዘነበለ እንደሆነ የሚለካ ጃይሮስኮፕ ጨመረ። ኤክስ ሲ 60 ይህን ወረሰ። በአሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓም ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ እንዲህ ያለው መቆጣጠሪያ በአዲስ መኪና ሁሉ ላይ እንዲኖር በሕግ ታዘዘ። የባለጸጋው ዕቃ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የሁሉ ዕቃ ሆነ። ይህን ነገር አንባቢዬ ያስታውስልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ዓይን ያለው ፍሬን

ኤክስ ሲ 60ን በ2008 ከሌሎች የለየው ግን በፊት መስታወቱ አናት፣ ከኋላ ማሳያው መስታወት አጠገብ የተለጠፈ ትንሽ መሣሪያ ነው። ሲቲ ሴፍቲ ይባላል፤ የከተማ ደኅንነት ማለት ነው። ለዓይን የማይታይ የሌዘር ብርሃን ወደ ፊት ይልካል፣ ከፊት ያለውን መኪና ነክቶ ሲመለስ ርቀቱን ያሰላል። ስሌቱን በየሴኮንዱ 50 ጊዜ ይደግመዋል። ግጭት መድረሱን ካወቀና ሹፌሩ ምንም ካላደረገ ፍሬኑን ራሱ ይይዛል።

ለምን ለከተማ? የኩባንያው መርማሪዎች እንዳሉት ከሚመዘገቡት ግጭቶች 75 ከመቶው የሚሆኑት በሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ነው። የመጀመሪያው መሣሪያም የተሠራው ለዚሁ ፍጥነት ነበር። በሁለቱ መኪናዎች መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ከ15 ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ ግጭቱን ፈጽሞ ሊያስቀር ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ያለዝበዋል።

ተማሪ አንባቢዎቼ እርሳሳቸውን ያንሡ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 8 ሜትር ከ30 ነው። ሰው አደጋ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪደርስ አንድ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ፍሬን ሳይነካ 8 ሜትር ሄዷል። ፍሬኑ ከያዘ በኋላ በደረቅ አስፋልት 4 ሜትር ተኩል ያህል ይጨምራል። ድምሩ ወደ 13 ሜትር ነው። ፍጥነቱን እጥፍ አድርገን 60 ብንለው፣ የአሳቡ ርቀት እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ድምሩ ወደ 34 ሜትር ይደርሳል። መሣሪያው የሚያተርፍልን ያንን አንድ ሴኮንድ ነው።

መሣሪያው በእውነት ይሠራልን? በ2011 በአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደግፉት የምርምር ተቋም የካሣ ጥያቄዎችን መርምሮ፣ ኤክስ ሲ 60 በሌሎች ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚቀርብበት ጥያቄ ከተመሳሳይ የቅንጦት መኪናዎች 27 ከመቶ ያነሰ መሆኑን ገለጠ። ይህ የሻጭ ወሬ አይደለም፤ ገንዘብ ከፋዩ ራሱ የቆጠረው ነው።

ሆኖም ማሽን ማሽን ነው። በ2010 ቮልቮ በሌላ መኪናው፣ በኤስ 60፣ ላይ የተገጠመ ተመሳሳይ መሣሪያ ለጋዜጠኞች ሲያሳይ፣ መኪናው ሳይቆም ሄዶ ከፊቱ ከቆመው የጭነት መኪና ጀርባ ጋር ተላተመ። ኩባንያው ምክንያቱ የባትሪ ጉድለት ነው አለ። የመጀመሪያው ሲቲ ሴፍቲም ቢሆን መስታወቱ በጭቃ ወይም በበረዶ ከተሸፈነ አያይም፤ የተሠራውም ለመኪና እንጂ ለእግረኛ አልነበረም። እግረኛን የሚለይ ካሜራና ራዳር የመጣው ከ2010 ወዲህ ነው።

ስለ እግረኛ ከተነሣ፣ አብዛኞቻችን እግረኞች ነንና አንድ ቃል ልናገር። ከፍ ያለ መኪና ለተሳፋሪው ምቹ ሲሆን ለሚገጨው ሰው ክፉ ነው። በ2023 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ የአፍንጫቸው ከፍታ ከ1 ሜትር ጥቂት የሚያልፍ መኪናዎች፣ ከ76 ሳንቲ ሜትር በታች ሆነው አፍንጫቸው ከሚያቆለቁለው ይልቅ እግረኛን የመግደላቸው ዕድል 45 ከመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ዝቅ ያለው መኪና እግር ይመታል፤ ከፍ ያለው ደረትና ራስ ይመታል። በአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በራሱ የሚይዝ ፍሬን ለአዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ መሆኑ ስለዚህ ለእግረኛውም ተስፋ ነው።

የሚሞት ብረትና የማይሞት ብረት

ጸሐፊው ወዳጄ የቆዳውን ወንበር መርጧል። ወንበሩ በእርግጥ ያምራል፤ ከበስተጀርባውም አሳብ አለበት። ቮልቮ ከ1998 ጀምሮ የፊት ወንበሮቹን ሲሠራ፣ መኪናው ከኋላ ሲገጭ መደገፊያው ከሰውዬው ጋር አብሮ ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ አደረገ፤ አንገት እንዳይሰበር ማለት ነው።

ነገር ግን ወንበሩ ያለበት ቤት ከወንበሩ ይበልጣል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ከግድግዳ ጋር መጋጨት፣ ከ10 ሜትር ከፍታ፣ ይኸውም ከሦስት ፎቅ ቤት፣ ላይ እንደ መውደቅ ያለ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህ ሁሉ ጉልበት በ5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ አካሉ ላይ ወደ 14 ቶን የሚጠጋ ኃይል ያርፍበታል። በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን 1 ቶን ተኩል አይሞላም። ስለዚህ የመሐንዲሱ ሥራ ርቀት መግዛት ነው። የመኪናውን አፍንጫ ሆን ብሎ እንዲጨማደድ ያደርገዋል። ብረቱ ሲሞት ሰውዬው ይተርፋል። ይህን አሳብ የፈጠረው በመርሴዲስ የሠራው ቤላ ባሬኒ ሲሆን፣ ዘመኑም የ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ሰው የተቀመጠበት ክፍል ግን እንዳይጨማደድ ያስፈልጋል። በኤክስ ሲ 60 ምሰሶዎችና ወራጆች ውስጥ ቦሮን የተጨመረበት ብረት አለ። ብረቱ እስኪቀላ ይጋልና በቀዝቃዛ ቅርጽ ውስጥ በድንገት ተጨፍልቆ ይበርዳል። እንዲህ የጠነከረው ብረት ከተራው ብዙ እጥፍ ይበረታል። አፍንጫው ለስላሳ፣ ቤቱ ጠንካራ ይሆናል።

ነገር ግን አንድ ጉድለት አለ። አፍንጫው ግማሽ ሜትር ቢጨማደድም፣ ሰውዬው ከቤቱ ጋር ካልታሰረ ምን ይጠቅመዋል? መኪናው እየቆመ ሳለ እርሱ በ50 ኪሎ ሜትር መብረሩን ይቀጥላል፤ የሚያቆመውም መሪው ወይም መስታወቱ ነው። ያ ሁሉ ብልሃት፣ ያ ሁሉ የቦሮን ብረት፣ በባዶ ሜዳ ይቀራል።

የእኔ ምርጫ

እኔ የምወስደው ቀጭን ጨርቅ ነው፤ የወንበር ቀበቶውን።

ኒልስ ቦህሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ቀድሞ በሳብ የአውሮፕላን ፋብሪካ አብራሪን ከአደጋ የሚያስፈነጥር ወንበር ይሠራ ነበር። በ1958 ወደ ቮልቮ መጣ። በዚያን ዘመን የነበረው ቀበቶ በሆድ ላይ ብቻ የሚያልፍ ስለ ነበረ፣ በግጭት ጊዜ ራሱ አንጀት ይጎዳ ነበር። አብራሪዎች የሚታሰሩበት አራት ማሰሪያ ደግሞ ለተራ ሰው አይመችም። ቦህሊን ሰው በአንድ እጁ ሊያስረው የሚችል ነገር ፈለገ። አንዱ ክፍል በደረት ላይ ሰያፍ፣ ሌላው በዳሌ አጥንት ላይ አግድም፣ ሁለቱም ከወንበሩ ጎን በአንድ ነጥብ የሚገናኙበትን ባለ ሦስት መያዣ ቀበቶ አበጀ። ቮልቮ በ1959 በመኪናዎቹ ላይ ገጠመው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ከመሐንዲስነቱ ይልቅ ያስደንቀኛል። ኩባንያው የፈጠራው ባለመብት ሆኖ ሳለ፣ ሌሎች ኩባንያዎች ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ቢፈልግ ኖሮ ከያንዳንዱ የዓለም መኪና ቀረጥ መሰብሰብ ይችል ነበር።

በ1967 ቦህሊን በስዊድን በቮልቮ መኪናዎች ላይ የደረሱ ከ28,000 በላይ አደጋዎችን መርምሮ አቀረበ። ቀበቶ ያላሰሩት በዝቅተኛም በከፍተኛም ፍጥነት ሞተዋል። ካሰሩት መካከል ግን በሰዓት ከ95 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች በሆነ አደጋ የሞተ አልተገኘም። በዘመናችን የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ ቀበቶ በቤት መኪና ከፊት የተቀመጠን ሰው የመሞት ዕድል 45 ከመቶ፣ ጂፕንና ክሮስኦቨርን በመሰሉ መኪናዎች ደግሞ 60 ከመቶ ይቀንሳል። የልዩነቱ ምክንያት ግልጽ ነው። የክብሪት ቀፎው ሲገለበጥ ያልታሰረ ሰው በመስኮት ይወረወራል።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመሥሪያ ቤት መኪና ከፊት ተቀምጬ ስሄድ ቀበቶውን ሳብኩና አሰርኩት። ስንደርስ ነጭ ሸሚዜን ባየው፣ ለዓመታት የተጠራቀመ አቧራ ከትከሻዬ እስከ ወገቤ እንደ ማዕረግ ሪባን ተጋድሞበታል። ባልደረቦቼ ሁሉ ሳቁ፤ ሹፌሩም «እኛ ላይ እምነት የለዎትም እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዙ ወራት ቀበቶ ሳላስር ሄድኩ። ሸሚዜን ከነፍሴ አስበለጥኩ ማለት ነው። አቧራ በውሃ እንደሚጠብ ለማሰብ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ጸሐፊው ወዳጄ ይህን ሲያነብ «ጋሼ፣ ከዚያ ሁሉ ዕቃ ርካሹን መረጡ» ይለኝ ይሆናል። እውነቱን ነው። ነገር ግን ወንበሩንና ሞተሩን ለማግኘት የባለጸጋውን ልግስና መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ግን ማንንም ሳንለምን አስቀድመን አግኝተነዋል። ነገ ጠዋት በምንሳፈርበት መኪና ውስጥ፣ ምናልባትም ከወንበሩ ሥር ተጣጥፎ፣ ይጠብቀናል።

ስለዚህ የዛሬው ምክሬ አጭር ነው። በምትሳፈሩበት መኪና ቀበቶ ካለ ፈልጉት፤ ከወንበሩ ሥር ገብቶ ከሆነ አውጡት። የታችኛውን ክፍል በሆድ ላይ ሳይሆን ዝቅ አድርጋችሁ በዳሌ አጥንት ላይ አሳርፉት። የላይኛውን በብብት ሥር ሳይሆን በትከሻ ላይ አሳልፉት። ሳይጠማዘዝ አጥብቁት። ከኋላ የተቀመጠም ይሰር፤ ያልታሰረ የኋላ ተሳፋሪ በግጭት ጊዜ ከፊቱ ባለው ሰው ላይ እንደ ጆንያ ይወድቃልና። ሹፌሩ ቅር ቢለው «እምነት ያጣሁት በአንተ ሳይሆን ከወዲያ በሚመጣው ነው» በሉት። ሸሚዛችሁም ቢቆሽሽ ጥፋቱን በእኔ ላይ አሳቡ።

ሁለቱ ወጣቶች በሚመጣው ቅዳሜ ከዚያው ሻይ ቤት ከመጡ ሻዩ የእኔ ነው፤ በፍርዱ ካልተስማሙ ግን ይግባኙን እነርሱ ሻይ እየጋበዙ ያቅርቡ። ለሳምንት በደኅና ያገናኘን።